ቀዝቃዛው ሳጥን ላይ ያጎነበሰችው

የሥራ ባልደረባዬን «ቴርሞሜትር» ነው የምንላት። እኔ የአውሮፕላኑ መካኒክ ነኝ፤ ሞተሩ የኔ፣ ከሆዱ ስር የተገጠመው ራዲዮሜትር የእሷ። አየሩ ራሱ የሚለቀውን ደካማ ማይክሮዌቭ ተቀብሎ የአየሩን ሙቀት፣ የውሃ ተኑንና ደመናው የቋጠረውን ውሃ ይለካል። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ኖራለች። ባሏ «ልጆቻችን ሲያተኩሳቸው እንኳ እንዲህ አትደነግጥም» እያለ ያማታል፤ እውነቱን ነው።

ከሰባት ወር ወዲህ መሣሪያው መዋሸት ጀመረ። የአየር ጠባይ ፊኛ ከሚለካው በአንድ ዲግሪ ተኩል ያሳንሳል። ፈታችው፣ ገጠመችው፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አለቃችን «ሐሙስ አንድ በረራ እሰጥሻለሁ። ካልተስተካከለ መሣሪያው ይወርዳል፣ አንቺም ዕቃ ግምጃ ቤት ትገቢያለሽ» አላት። ያን ሁሉ ዓመት ለፍታ ብሎን ልትቆጥር! ደሜ ፈላ።

ሐሙስ ጠዋት ልኬቱን ልታስተካክል ከአውሮፕላኑ ስር ተንበረከከች። መጀመሪያ ሙቀቱ የታወቀ ሞቃት ነገር ታሳየዋለች፣ ቀጥሎ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሞላበትን ቀዝቃዛ ሳጥን። የሳጥኑ ማቆሚያ ስለተሰበረ በሁለት እጇ ደግፋ፣ አንገቷን ደፍታ ነው የምትይዘው። እኔማ «ነገ እበይድልሻለሁ» እያልኩ ስንቴ ሸነገልኳት።

ቁርስ እንኳ አልቀመሰችም። ግልፍተኛ ነኝና ሳጥኑን በመፍቻ ሳጥኔ አስደግፌ «ተነሺ በቃ! እዚሁ ተደፍተሽ ልትቀሪ ነው?» ብዬ ክንዷን ጎተትኩ።

«ጋሼ፣ ይተዉኝ እባክዎ!» አለችና ድንገት ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ፈጠጠ። መሣሪያው የሚያየውን ሙቀት የሚያሳየው መስመር ወርዷል። ተመልሳ ጎንበስ ስትል ወጣ። ራቅ ስትል ወረደ።

«እኔው ነኝ» አለች። «የፊቴ ሙቀት ናይትሮጅኑ ላይ እያንጸባረቀ ይገባበታል። እኔ ያሞቅኩትን እንደ ንጹህ ቅዝቃዜ ስለሚቆጥረው ሰማይ ላይ ሁሉን ያሳንሳል። ሳጥኑን ብቻ ሳይሆን እኔንም ሲለካ ነው የከረመው!» ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

ሰባት ወር! ማቆሚያው የተሰበረበት ጊዜ ነው። መግቢያ ጠፋኝ። ለሃያ ደቂቃ ሥራ ያቺን ልጅ ልበላት ነበር። ወዲያው በየድኩት፤ እሷም ከሳጥኑ ርቃ ቆማ ልኬቱን ወሰደች።

አውሮፕላኑ ሲመለስ አለቃችን የፊኛውንና የመሣሪያውን ቁጥር ጎን ለጎን አድርጎ ሁለቴ አየ። ልዩነቱ የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው።

«ይቆያል» አለ።

«እሷስ?» አልኩ፣ ቱግ ብዬ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማቆሚያውን ያልበየድኩት እኔ ነኝ!»

«እሷ ከሌለች ማን ያውቅበታል?» አለኝ።

እሷ ግን እያዳመጠችን አልነበረም። «ስንት እንደጨመርኩበት አሁን አውቃለሁ» አለች የድሮ መዝገቦቹን እየከፈተች። «የሰባት ወሩን በረራ ሁሉ አርመዋለሁ። አንድም አይጣልም።»