የተሰረዘው የት ይሄዳል?

ዛሬ ጠዋት ስልኬ «ቦታ ሞልቷል» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ልጄ ተቀብላኝ አየችውና፣ «አባዬ፣ ይሄን አሮጌ ነገር ሁሉ አጥፋው እንጂ፤ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ምን እንደሚያደርግልኝ ብነግራት ትምህርት ቤት ይረፍድባታል። ቦርሳዋን አንግቼ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲያ ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ ቤት ውስጥ ስንቆራጠጥ አረፈድኩ።

ወጣት ሳለሁ ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ታኅሣሥ የኢሜይል ሰርቨራችን ዲስክ ጢም ብሎ ሞላና ከወረዳ የሚላከውን ሪፖርት ሁሉ ይመልስ ጀመር። ኃላፊያችን አቶ ደሳለኝ «የቆየውን በሙሉ አጥፋ» አሉ። የሚፈልገውን ቀድሞ እንዲያስቀር ለሠራተኛው ማስታወቂያ ለጠፍን፤ ሳምንት ጠብቄ አጠፋሁ።

ዲስኩ ግን ንቅንቅ አላለም። ለካ ፕሮግራሙ መልእክቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ ከዲስኩ አያነሳውም። ቦታው የሚመለሰው ሰርቨሩ ቆሞ፣ የቀሩት መልእክቶች እንደ አዲስ ተጽፈው፣ መልእክቱ ሁሉ ተጠራቅሞበት የነበረው አሮጌ ፋይል ሲጣል ነው። የታጨደ ማሳ በሉት፤ ባዶ ቢመስልም ካልታረሰ አይዘራበትም።

ሰርቨሩን አቁሜ ልጀምር ስል እትዬ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመዋል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ባላቸው ጋሽ አላምረው ቡሬ ቅርንጫፋችን ይሠሩ ነበር፤ ከሞቱ ገና ወር መሆኑ ነው። እትዬ ጥቁር እንደለበሱ ሥራ የገቡት የዚያን ዕለት ነበር።

«ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁህ መሰለኝ።»

«ኧረ ይግቡ፣ እትዬ።»

አልገቡም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ለመሆኑ የተሰረዘው የት ይሄዳል?» አሉኝ።

ክው አልኩ። ባልና ሚስቱ ሳምንቱን ሙሉ የሚጻጻፉት በቢሮው ኢሜይል ነበር። ማስታወቂያው ሲለጠፍ እሳቸው ለቅሶ ላይ ናቸው። መላው ቢሮ ሄዶ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ እኔም ተቀምጫለሁ። ግን ለቅሶ ቤት የቢሮ ወሬ ማን ያነሳል? ነውር ነው። ሁላችንም በጨዋነታችን ዝም አልን።

«እስካሁን የትም አልሄደም» አልኳቸው።

አሮጌውን ፋይል ከመጣሉ በፊት ሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ነበረብኝ፤ ያን የሚያህል ዲስክ ያለው ደግሞ ቡሬ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ ዘንድ ነው። ጊዜ እንዲሰጡኝ ስለምናቸው አቶ ደሳለኝ ሰዓታቸውን አዩ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ከዚያ በኋላ አልጠብቅም፤ ይጣላል።»

ሚኒባሱ «አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ያን አንድ ሰው ሲጠብቅ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ከኋላ በርበሬ በጆንያ ጭነው ሁላችንም እናስነጥሳለን። መንገዱ ዳር ጤፉ ተከምሯል፣ በየግቢው በርበሬ ተሰጥቷል፤ ሌላ ጊዜ ደስ እያለኝ የማየው ነበር። ማንኩሳ ላይ ጆንያ ለማውረድ ቆመን ቀረን። እኔ ወርጄ አወረድኩላቸው፤ መጠበቅ አልችልበትም። ቡሬ ስደርስ ደግሞ ጓደኛዬ «ምሳ ሳትቀምስ አትሄዳትም» ብሎ በር ላይ ቆመ። ስንከራከር ቆይተን ቆሎ በላስቲክ ቋጥሮ ከዲስኩ ጋር አስያዘኝ።

ለዘጠኝ ትንሽ ሲቀረው ደርሼ ገለበጥኩ። ከዚያ አሮጌው ተጣለ፣ ቦታው ተመለሰ፣ የታገደው ሪፖርት ይጎርፍ ጀመር። አቶ ደሳለኝ ደስ አላቸው። እኔ የጋሽ አላምረውን መልእክቶች ከቅጂው አውጥቼ እትዬን ጠራሁ።

ተቀምጠው አንድ በአንድ አነበቡ። ምሳ በላሽ ወይ፣ መብራት ጠፋ፣ ሽንኩርት ልግዛ ወይ፤ ይኸው ነው። በመጨረሻ አንዷ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይችን አትምልኝ።»

«ዛሬ መኪና የለም፣ አልመጣም። በሩን በጊዜ ዝጊ፤ አትጠብቂኝ» ትላለች።

«ሌላውስ፣ እትዬ?»

«ሌላው ይቅር፣ ልጄ። ወር ሙሉ በሩን መዝጋት አቅቶኝ ነበር።»

ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱና ወደ መዝገብ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ያን ቆሎ ይዤ አለቀስኩ።

ዛሬም ስልኬን ቁጭ ብዬ አጸዳሁ። ብዙውን አጠፋሁት። ልጄ አምና ከትምህርት ቤት የላከችው አንድ መልእክት ላይ ግን ጣቴ ቆመ፤ «አባዬ ዘነበ፣ ና ውሰደኝ» ይላል። የመውጫ ሰዓቷ ገና ነው፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።