የውርጭ ባንድ ባለ ሞንታርቦ

ውርጭ ባንድን በሲዲ ብቻ የሰማ ሰው ምናቸው እንደሚወደድ አይገባውም። በር የተቆለፈባቸው ሰዎች ጩኸት ይመስላል። በመድረክ ያያቸው ግን ዕድሜ ልኩን ያወራላቸዋል። ሮክ ሲጫወቱ ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ ዝግጅት አላቸው ከተባለ ከዴራ፣ ከኦጎልቾ፣ ከአርቦዬ ሳይቀር ሰው ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ አሰላ ይመጣል። እኛም ዝናቸውን እንደ ገዛ ልጃችን ዝና ነው የምናወራው። ይህን ወሬ ሲሰማ ፊቱ የሚጠቁረው ጎረቤቴ ባንተአምላክ ብቻ ነው።

ባንቴ ለሠርግ፣ ለስብሰባና ለኮንሰርት ሞንታርቦ ያከራያል። ውርጮች አሰላ ላይ የሚጫወቱት በእሱ ድምፅ ማጉያ ነው። ድሮ ግን ባንዱን ካቋቋሙት አንዱ፣ ጊታሪስታቸውም እሱ ነበር። "መድረክ ላይ ላብ በላብ ከመሆን አንድ ጥሩ አልበም ይበልጣል" ብሎ ጥሏቸው አዲስ አበባ ገባ። አልበሙንም ሠራ። እውነቱን ለመናገር እንከን አይወጣለትም፤ ሰሚ ነው ያጣው። ሚስቱ ዘመናይ እንኳ ሁለተኛው ዘፈን ሳይጀምር ራሷን ያማታል። እሱ የለቀቀውን ቦታ ደግሞ ሁሴኖ ያዘው፤ ያኔ ገና ጢም ያላወጣ ጀማሪ ነበር።

ባንቴን ከሁሉ የሚያንገበግበው፣ ሕዝቡን ከመቀመጫው የሚያስነሳው የጊታር ዜማ የራሱ ድርሰት መሆኑ ነው።

"ሦስተኛዋን ኖታ እኮ ይበላታል!" ይለኛል ስለ ሁሴኖ። "ማን ይነግረዋል? ሕዝቡ እንደሆነ ደንቆሮ ነው። ያስከበራቸው የእኔ ዕቃ ነው። ያለ ሞንታርቦዬ ምንም ናቸው!"

ቅናት ነው ብዬ ብነግረው ሰላምታ ይነፍገኛል። ስለዚህ ራሴን እየነቀነቅሁ አዳምጠዋለሁ።

ዘንድሮ ስንዴው ታጭዶ እንዳበቃ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ውስጥ ተጫወቱ። እኔ ከባንቴ አጠገብ፣ ከሚክሰሩ ኋላ ቆሜያለሁ። ዘመናይ፣ ያቺ ራሷን የሚያማት ሴትዮ፣ ከመድረኩ ሥር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትዘላለች። ሁሴኖ ያቺን ዜማ ሊጀምር ወደ መድረኩ ጫፍ ወጣ። ዘመናይ እጇን ዘረጋችለት። ይህን ጊዜ ባንቴ ጎንበስ አለና የሞንታርቦውን ሶኬት ከግድግዳው ነቀለው።

"እስቲ አሁን እናያቸዋለን" አለኝ። ደስታው ከፊቱ ላይ ይነበባል።

ምን ዋጋ አለው! በእኛ አገር መብራት ሲሄድ ማን ይደነግጣል? ወደ እኛ የዞረ አንድም ሰው የለም። "ሄደች!" አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ። ድራም መቺው ኦብሳም መምታቱን አላቆመም። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ የጊታሩን ዜማ በአፉ ይዞት ተነሳ። ሦስተኛዋን ኖታ እንኳ አልበሏትም፤ ልክ ባንቴ እንደደረሳት አወጧት። ዘመናይ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታዜመው። ዞር ብዬ ሳየው የባንቴ ጣቶች በያዘው ገመድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት።

ዜማው እንዳበቃ ጩኸቱ ቀለጠ። "ሁሴኖ! ሁሴኖ!" ሁሴኖ ግን አንዲት ክር እንኳ አልነካም። ባንቴ ከንፈሩን ነክሶ ሶኬቱን መለሰ።

ሰው ሲበተን ገመድ እየጠቀለልን ሳለ ሁሴኖ ላቡን እየጠረገ መጣ።

"ጋሽ ባንቴ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የመድረኩ አምፖል እኮ አልጠፋም ነበር።"

ባንቴ አንገቱን ደፋ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ሁሴኖ ትከሻውን ያዝ አደረገው።

"እባክዎ፣ በሚቀጥለውም እዚያችው ቦታ ላይ ይንቀሉልን። እንዲህ ተጨብጭቦልን አያውቅም።"

አሁን ሰው ውርጮችን ለማየት የሚመጣው ያቺን መብራት የምትሄድባትን ሰዓት ጠብቆ ነው። ሶኬቱን የሚነቅለው ባንቴ ነው፤ ዜማውም የባንቴ ነው። ዘመናይ ደግሞ ሁልጊዜ ከፊት ቆማ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ "ሁሴኖ!" ትላለች።