ሲስተርን ለአውሮፕላን ማድረስ

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ቦንጋ በነበረው መሥሪያ ቤታችን ማንም ያልፈለገው ሥራ ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚያርፈው። የስብሰባ ሻይ ማዘዝ፣ የአዳራሽ ቁልፍ መፈለግ፣ ለእንግዳ አልጋ መያዝ። በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የተጻፈው ሥራ ሌላ ነው። ግን በክፍሉ ውስጥ በዕድሜ ታናሿ እኔ ነበርኩ፤ ሴትም እኔ ብቻ ነበርኩ። "አንቺ ታውቂበታለሽ" ይሉኛል፤ እኔም ከመከራከር ሠርቶ መገላገሉ ይቀለኝ ነበር።

በዚያን ሰሞን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የአምስት ቀን ሥልጠና አዘጋጀን። ሠልጣኞቹ ከየወረዳው የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ አሠልጣኟ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጡ አዋላጅ ነርስ። ዕድሜያቸው ስልሳን የተጠጋ፣ ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። ሁላችንም "ሲስተር" ነበር የምንላቸው። ለማዋለድ ልምምድ የሚሆን አሻንጉሊት እንልካለን ያሉት ሰዎች ሳይልኩ ሲቀሩ፣ ሲስተር ከሆቴሉ አሮጌ አንሶላ ለምነው በእጃቸው ሕፃን ሰፉ። ጭንቅላቱን በጥጥ፣ ሆዱን በአሸዋ ሞሉት። "ክብደቱ እንደ ሕፃን ካልሆነ እጃቸው አይማርም" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሠልጣኞቹ ከአጠገባቸው አልለይ አሉ።

ሐሙስ ምሳ ላይ ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን ስለ ልጃቸው ነገሩኝ። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ናት። እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ይመጣባቸዋል።

"ልጁን አልጠላሁትም" አሉኝ። "ግን ትምህርቷን ሳያስቋርጣት እንደምትጨርስ በሽማግሌ ፊት ቃል እንዲገቡልኝ እፈልጋለሁ። ይህን ከእኔ በቀር የሚጠይቅ የለም። የአባቷ ወንድም እንደሆነ ሰው ፊት እምቢ ማለት አያውቅም።"

ትኬታቸው የቅዳሜ ነበር፤ ከጅማ ስምንት ሰዓት ላይ የሚነሳ አውሮፕላን። የሚቀጥለው በረራ ሰኞ ነው። ከቦንጋ ጅማ መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ስለነበር፣ ደህና መኪና ከተገኘ ሦስት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል ብዬ አሰብኩ። ለዚህ ጉዞ ብዬ የመሥሪያ ቤታችንን ብቸኛ ደህና መኪና ከሳምንት በፊት በደብዳቤ አስይዤ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን መኪናውን ይዘው ወደ ሺሺንዳ ወጡ። አስቸኳይ ጉዳይ ነው ተባለ። ሮጬ በር ላይ ደረስኩባቸው።

"ሲስተርስ?" አልኳቸው።

መስኮቱን ዝቅ አድርገው "ኮንትራት ያዢላቸው። መኪና እንደሁ ሞልቷል" አሉኝና ሄዱ።

ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባዩ ለማንኛውም ጥያቄ "ችግር የለም" የሚል ሰው ነው። አንድ ላንድክሩዘር ያለው ዘመድ እንዳለው ነገረኝና እዚያው ደወለለት። ስልኩን ተቀብዬ ራሴ አናገርኩት። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከሆቴሉ በር፣ ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ፣ አንዲት እናት ብቻ። "ለብቻ ማለት ለብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ሰው አይጫንም" አልኩት። "ምን ነካሽ፣ እህቴ፣ ይገባኛል" አለኝ። ያም አልበቃኝም፤ ሰዓቱን በወረቀት ጽፌ እንግዳ ተቀባዩ ጠረጴዛ ላይ ለጠፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ከተማውን እንደሸፈነ ሆቴሉ ደረስኩ። ሲስተር ሻንጣቸውን ዘግተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሠልጣኞቹ አዋጥተው የገዙላቸው ስጦታ አለ፤ አንድ ባልዲ ማርና በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ የማንኪራ ጫካ ቡና። ቡናውን ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ሠልጣኞቹ ትንሽ ይበቃል ሲሉ "ከካፋ ወጥቶ በእፍኝ ቡና ይሄዳል እንዴ?" ብዬ ከረጢቱን ያስሞላሁትም እኔው ነኝ።

ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ተኩል ሆነ። የመኪናው ባለቤት ሞባይል አይሠራም።

"እየመጣ ነው" አለኝ እንግዳ ተቀባዩ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን እንደገና ሄድኩ። "መንገድ ላይ ነው" አለኝ። ከየት ወዴት ያለ መንገድ ላይ እንደሆነ ስጠይቀው መዝገቡን ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያ ቀና ሳይል መኪናው ገና ሳይነጋ ሚዜዎች ጭኖ ወደ ዋጫ ሰርግ መሄዱን ነገረኝ።

"ታዲያ እየመጣ ነው ያልከኝስ?"

"እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።"

 ሲስተርን ቀና ብዬ ማየት አፍሬ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ግቢው በሰውና በጭነት ተጨናንቋል። አንድ ሚኒባስ ያለው፣ በዕድሜ ጠና ያለ ሾፌር ጅማ ለማድረስ ተስማማ። በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ከጓደኞቹ ጋር ተነጋገረና በአማርኛ "መውጫ አምጪልኝ፣ አሁኑኑ እነሳለሁ" አለኝ። ከመስመር ውጭ በኮንትራት የሚሄድ መኪና ማኅተም ያለበት የመውጫ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ትራፊክ ይመልሰዋል።

ማኅተሙ ያለው በመናኸሪያው አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው። ሰውየው ደግሞ ግምገማ ላይ ነው።

ግምገማው የሚካሄድበትን አዳራሽ በር የሚጠብቁት ሽማግሌ ዘበኛ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ብለምናቸው እምቢ አሉኝ።

"ጋሼ፣ አንዲት ማኅተም ብቻ ናት።"

"ልጄ፣ በግምገማ መሀል ሰው አይጠራም። ትናንት ከሰዓት የጀመሩ ናቸው፣ ገና አልጨረሱም።"

በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። አንድ ሰው ቆሞ ይናገራል፣ ሌሎቹ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ሲስተር ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ሲያዩ በዓይኔ ይመጣብኝ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል እዚያ ቆምኩ። የሻይ ሰዓት ሲሆን የምፈልገው ሰው ወጣ፤ ያ ቆሞ ሲናገር ያየሁት ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ለካ ሲገመገም የዋለው እሱ ኖሯል። ማኅተሙን ከኮቱ ኪስ አወጣ።

"የመሥሪያ ቤትሽ ደብዳቤ የታለ?"

"ቅዳሜ ነው፤ ቢሮው ዝግ ነው።"

ከማስታወሻዬ አንድ ገጽ ቀድጄ እዚያው በስክሪፕቶ ጻፍኩ። ሳያነበው ፈረመ፣ ወረቀቱን በመዳፉ ላይ ደግፎ ማኅተሙን መታበት። "መልካም መንገድ በያቸው" አለኝና ወደ አዳራሹ ተመለሰ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በልቤ ስረግመው ስለነበር እንዴት እንደማመሰግነው እንኳ አላወቅሁም።

ከቦንጋ ስንወጣ አራት ሰዓት አልፎ ነበር። አደራውን ለሾፌሩ ብቻ መተው ስላልሆነልኝ እኔም አብሬ ገባሁ። ሲስተር አልተቆጡም። "ደረስን ማለት ነው" አሉኝ፤ እኔም "እንደርሳለን" አልኳቸው። ሁለታችንም እርግጠኛ አልነበርንም።

ጊምቦ ስንደርስ ሾፌሩ ቆመና ሁለት ሴቶች ከነዶሮዎቻቸው አስገባ።

"ወንድሜ፣ ለብቻ ነው የተባባልነው" አልኩት።

"አዎ፣ ለብቻ ነው" አለ። "ግን ባዶ ወንበር ይዤ ጎረቤቶቼን እንዴት ልለፋቸው? እናንተ ትሄዳላችሁ፤ እኔ ነገ ከነሱ ጋር ነው የምኖረው።"

ሲስተር "ተያቸው" ብለው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። ትንሽ ሄደን ሌላ ሰው ገባ። ከዚያ ሌላ። እያንዳንዱ ሲገባ ሰላምታ አለ፣ የከብትና የልጅ ደህንነት መጠያየቅ አለ፣ ዕቃ ጣሪያ ላይ መጫን አለ። በአራተኛው ላይ ሲስተር ራሳቸው ወደ ፊት ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "ልጄ፣ ከአሁን በኋላ አንድ ሰው ብታሳፍር እኔ እወርዳለሁ" አሉት። ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸውና ከዚያ በኋላ አልቆመም። እኔ ስነግረው ያልሰማውን ከሳቸው ሰማ።

ጎጀብ ሳንደርስ ካለው ኬላ ግን መቆም ግዴታ ነው። እዚያ የሚፈተሸው ቡና ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአካባቢው እንዳይወጣ። ተቆጣጣሪው በኋላ በር ገብቶ ከሲስተር ሻንጣ ሥር ያለውን ከረጢት አገኘ።

"የማን ነው?"

"የኔ ነው፤ ስጦታ ነው" አሉ ሲስተር።

"ለቤት የሚፈቀደው ጥቂት ኪሎ ነው። ይኼ ከዚያ በላይ ነው። ማስረጃ አለዎት?"

"የለኝም። እሺ፣ እዚሁ ውሰዱት።"

"መውሰድ አንችልም፤ መመዝገብ አለበት። ይመዘናል፣ በሞዴል ደረሰኝ ይገባል፣ ባለንብረቷ ትፈርማለች።"

"ለድሃ ስጠው፣ ልጄ። እኔ አውሮፕላን ያመልጠኛል።"

"እናቴ፣ ለድሃ ስጥ የሚል መመሪያ የለም።"

ልጁ አልተሳደበም፣ ጉቦም አልጠየቀም። ቢጠይቅ ይቀለን ነበር። ሚዛኑ ያለበት ክፍል ቁልፉ ምሳ የሄደ ሰው ጋ ነው። ጠበቅን። ሰውየው ጥርሱን እየፋቀ መጣ። ከረጢቱ ተመዘነ፤ ካርቦኑ በተገላቢጦሽ ገብቶ ስለነበር ደረሰኙ እንደገና ተጻፈ። ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ቦታ ፈረሙ። ተሳፋሪዎቹ ከሚኒባሱ ወርደው ሣር ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ያ ከረጢት በዚያ መጠን እንዲሞላ ያደረግሁት እኔ መሆኔን እያሰብኩ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ ሾፌሩ የሚችለውን ያህል ነዳ። ሸቤን አለፍን፣ ሰቃን አለፍን። ተሳፋሪዎቹም ችኮላችን ስለገባቸው መውረጃቸው ሲደርስ ዶሮውን በመስኮት እያቀበሉ ዘለው ይወርዱ ነበር። ጅማ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን አንዱ ተሳፋሪ "ያውና" አለ። አውሮፕላኑ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ብሎ ወደ ምሥራቅ ሲዞር ሁላችንም አየነው።  ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ መፍጠን ከእንግዲህ ትርጉም አልነበረውም።

አውሮፕላን ማረፊያው ደርሰን ጠየቅን፤ ሰኞ ተባልን። መናኸሪያ ሄድን፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ የሚነሳው ንጋት ላይ ብቻ ነው። ሲስተር ከአንድ ስልክ ቤት ለባላቸው ወንድም ደወሉ። ቀጠሮውን ወደ ማታ እንዲያዞርላቸው ሲለምኑት አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ። ከወዲያ ያለው ሰው ሽማግሌ ከተቀጠረ በኋላ እንደማይመለስ እየነገራቸው መሆኑ ከመልሳቸው ይገባኝ ነበር። "እኔ ሳልኖር እሺ እንዳትል" አሉት ደጋግመው። ስልኩን አስቀምጠው ሒሳቡን ከፈሉ።

እሑድ ንጋት አውቶቡሱ ላይ ሳሳፍራቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አንቺ ምን ታደርጊ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሲስተር ግን ሰውን ለማስደሰት ብለው የሚናገሩ ሴት አልነበሩም።

"መኪናው ያንቺ ጥፋት አይደለም" አሉኝ። "ቡናው ያንቺ ነው። ሰው የሰጠሽን ሥራ ሁሉ መቀበልሽም ያንቺ ነው።" ከዚያ ጉንጬን ሳሙኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢሮ ደወሉልኝ። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ የባላቸው ወንድም ልጅቷን ሰጥቷል። ስለ ትምህርቷ የጠየቀ የለም። "አስብበት ነበር አለኝ፤ ግን ሰዎቹ ጨዋ ስለሆኑበት አፈረ" አሉኝ። ልጅቷ ካገባች በኋላ ትምህርቷን አቋርጣ፣ ዘግይታም ቢሆን በማታው ክፍል መጨረሷን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እናትየው ደጅ ጠንተው፣ የልጅ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው ነው ያስጨረሷት።

እኔ ስለዚያ ቀን የሦስት ገጽ ሪፖርት ጽፌ ለኃላፊያችን ሰጠሁ። መኪናው ለምን እንደተወሰደ፣ መውጫው ለምን ቅዳሜ እንደማይገኝ፣ ለስጦታ ቡና የድጋፍ ደብዳቤ ማን መጻፍ እንዳለበት። መልስ አላገኘሁም። የመሥሪያ ቤታችን ግምገማ ተራ ሲደርስ ግን ሪፖርቱ ከፋይል ወጣ። "ባልደረባችን ከአሠራር ውጭ በእጅ ጽሑፍ የመሥሪያ ቤቱን ስም ተጠቅማለች" ተባለ። "እንግዳም በአግባቡ አልሸኘችም" ሲል ሌላው ጨመረበት። መኪናውን ይዘው የሄዱት ኃላፊያችን ሰብሳቢ ነበሩ። ምን ትያለሽ ተባልኩ። የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ግን ምሳ ሰዓት አልፏል፣ ሁሉም ደክሟቸዋል፣ የቀሩትም ተገምጋሚዎች ይቁነጠነጣሉ። "ሂሱን ውጫለሁ" አልኩና ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ሥልጠና የመጡትን እንግዳ ማንንም መኪና ሳልለምን ከበረራቸው አንድ ቀን አስቀድሜ በሕዝብ አውቶቡስ አሳፍሬ ወደ ጅማ ሸኘኋቸው። በሰላም ደረሱ። አዲስ አበባ ሲገቡ ግን በአውቶቡስ በመላካቸው ክብራቸው እንደተነካ ገልጸው ለኃላፊያችን ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን መዝገብ ላይ አስፍሬ ያስገባሁትም እኔው ነኝ።