ስክሪን ላይ ያልወጣው ትዕዛዝ

ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ ውስጥ ላውንደሪ ቤት ልብስ በካውያ እተኩስ ነበር። አንድ ቀን አሠሪዬ፣ ካፊሌ፣ ኮምፒውተር አመጣና «ደንበኛ በስልኩ ሲያዝ እዚህ መስኮት ይከፈታል፤ አንተ ቁጭ ብለህ ማየት ነው» አለኝ። ካውያውን ለሌላ ሰው ሰጠው። እኔም ከእንፋሎቱ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ባይ ባይ ምንም የለም። ደንበኛው ግን «ካዘዝኩ ቆየሁ!» እያለ ይደውላል። ፕሮግራሙን ራሴ ስከፍተው ደግሞ መስኮቱ ቁልጭ ብሎ ይመጣል!

«እየተኛህ ነው!» አለ ካፊሌ። «ዛሬ ካልተስተካከለ ኸላስ፣ ኹሩጅ! ወዳገርህ ትሸኛለህ!»

ከጎረቤት ከተማ ከደማም አብዱ የሚባል ያገራችን ልጅ፣ ቴክኒሻን ነው፣ ለምኜ አስመጣሁት። ነካካና ሳቀ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲከፍቱት እርስዎ ስክሪን ላይ ይወጣል። የደንበኛ ትዕዛዝ መጥቶ ሰርቨሩ ሲከፍተው ግን ለብቻው፣ ስክሪን በሌለው በኩል ነው የሚከፈተው። ይሰራል፤ የሚያየው ሰው የለም።»

«እንደኔ በለኛ!» አልኩት።

ለካፊሌም በአረብኛ አስረዳልኝ። መስኮቱን ትቶ ትዕዛዙ በቀጥታ በፕሪንተር እንዲወጣ አደረገው። ካፊሌ የመጀመሪያዋን ወረቀት አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ማፊ ሙሽኪላ! ችግር የለም፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።»

ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ቀጠለ፤

«ታዲያ አሁን ስክሪን የሚያይ ሰው ምን ያደርግልኛል?»