ፈረንጁ የተሸከመው ድንጋይ

ይህን ማውጋት ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ነገሩ የአንዲት በቅሎ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ዛሬ ጧት ሬዲዮው ስለ ሁለት ወዳጅ አገሮች መቀያየም ሲያወራ ራስ መኮንን ድልድይ ትዝ አለኝ።

ኮሌጅ የገባሁበት ዓመት ነበር። ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሼ ወንድይራድ፣ የቀድሞ አርበኛ፣ ድልድዩ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ወጣቱ እንግሊዛዊ መምህራችን ሚስተር ፒተር ስለ ወዳጅ አገሮች ጻፉ አለን። እሱን ደስ ለማሰኘት «ወዳጅ አገሮች አይበዳደሉም» ብዬ ጀመርኩና ለጋሼ አነበብኩላቸው።

የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። «እስቲ በቅሎዬን ጠይቃት!»

ከእንግሊዞች ጋር ሆነው ጣሊያንን ሲያሳድዱ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ጥይት ሊጭንባት ለሁለት ቀን ከእሳቸው ተውሷት ነበር። ሳይመልሳት አሥር ዓመት አለፈ።

«አብረን ደምተናል፣ አልክድም» አሉ። «ግን የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ማን መጣ?»

ባልጽፈው ጋሼን መካድ ሆነብኝ፤ ብጽፈው መውደቄ ነው። እየፈራሁ የበቅሎዋንም የድንጋዩንም ነገር ጨምሬ ጻፍኩት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሚስተር ፒተር «አጎትህ ጋ ውሰደኝ» አለኝ። ዝናቡ አልፎ ብርዱ ገብቷል፤ ፒያሳ የትኩስ ዳቦ ሽታ ያውዳታል። ሚስተር ፒተር ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥቶ ትከሻው ላይ ሲያደርግ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ፈረንጁ ቤት ሊሠራ ነው!» አለ አንድ ጋሪ ነጂ።

«በአንድ ድንጋይ? ድሃ ፈረንጅ ነው!» አለ ጓደኛው።

ዕለቱ በዓል ስለነበር ጋሼ ከተዘጋው ሱቃቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«በቅሎዬን የወሰድከው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። የአገሬ ሰዎች ናቸው።»

«ሽማግሌህስ? ያለ ሽማግሌ እርቅ አለ እንዴ?»

ወደ እኔ አመለከተ።

«ይሄ ጢሙ ያልበቀለ?»



«በቅሎዋን ልመልስልዎ አልችልም» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «ዳገት ላይ ሞታ ይሆናል። መጥተን ልንነግርዎ ይገባ ነበር። ማሩኝ።»

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሥተው ድንጋዩን አወረዱለት።

«ይማርህ። ያጣሁት ይህን የሚለኝ ሰው ነው።» ከዚያ የካፖርታቸውን ጫፍ አስዳሰሱት። «በል አንተም ማረኝ። ከጦራችሁ ድንኳን ያነሣኋት ብርድ ልብስ ናት!»

ተያይዘው ሳቁ። ድንጋዩም የደንበኛ መቀመጫ ሆኖ ቀረ። ጽሑፌ ሲመለስልኝ የተሰረዘችው የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች።

ሬዲዮውን እየሰማሁ፣ ከሁለቱ አገሮች ድንጋዩን ቀድሞ የሚያነሣው የትኛው ይሆን እላለሁ። አንዱ ካነሣ ሌላውም ብርድ ልብሱን ማውጣቱ አይቀርም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የጋሼ እርቅ የወረደው ኅዳር ሃያ አንድ፣ በጽዮን ማርያም ዕለት ነው።