የወይዘሮ እንጉዳይ ገዢዎች በየት በኩል መጡ

ወረታ፣ መገንጠያው አጠገብ ካለው ማስታወቂያ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ሙሉጌታ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዙሮ «ሥራሽ ላይክ ማብዛት ነው» አለኝ። ፌስቡክ በየሰዉ ስልክ መግባት የጀመረበት ጊዜ ነበር። እኔ አዲስ አበባ የተማርኩት ግን ላይክ ሳይሆን ገዢ መቁጠርን ነው።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ እንጉዳይ ነበሩ። ጥጃቸውን ሸጠው በኢንተርኔት ትዕዛዝ የሚቀበል ድረ ገጽ አሠርተዋል።

«ክረምት ከገባ ሸክላው አይደርቅም፤ እስከዚያ ገዢ ካልመጣ ልተወው ነው ልጄ» አሉኝ።

ፌስቡክ ላይ ሁለት ማስታወቂያ አወጣን። አንዱ ጣና ዳር፣ ጀምበር ስትጠልቅ የተደረደሩ ሸክላዎች፤ ፎቶውን ያነሳው አቶ ሙሉጌታ ራሱ ነው። ሌላው ሽሮ የሚንተከተክበት የሸክላ ድስት። ለጣናው ላይክ ዘነበለት። ድስቱን ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ነው።

«የድስቱን ማስታወቂያ ዝጊው» አለኝ አቶ ሙሉጌታ።

«ገዢው በየትኛው እንደመጣ ሳናውቅ?» አልኩት።

ለዚህ የሚሆን፣ ድረ ገጹ ውስጥ የሚገባ አጭር ኮድ አለ። ማስታወቂያውን ነክቶ የመጣ ሰው ኮዱ ያለበት ገጽ ሲደርስ ይቆጥረዋል፤ በየትኛው ማስታወቂያ እንደመጣም ያሳያል። አቶ ሙሉጌታ «መግቢያው ገጽ ላይ አድርጊው» አለኝ።

«እዚያማ ብቅ ብሎ የተመለሰውንም ገዢ ብሎ ይቆጥርብናል» አልኩት።

«ትዕዛዝዎ ደርሶናል» የሚለው ገጽ ላይ አስቀመጥኩት። እዚያ የሚደርሰው ያዘዘ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ እኔው ማስታወቂያውን ነክቼ ድስት አዘዝኩ፤ ቆጠረው። የሙከራ ትዕዛዜን ሰረዝኩና መጠበቅ ያዝን።

ትዕዛዝ መምጣት ሲጀምር አቶ ሙሉጌታ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። አንዱ በድስቱ መጣ። ሌላውም በድስቱ። በጣናው በኩል የመጣ ገዢ ግን አልነበረም። አቶ ሙሉጌታ ማያ ገጹን ደጋግሞ አየው።

«በይ ዝጊው» አለ።

«የቱን?»

«የኔን።»

ገንዘቡን በሙሉ ወደ ድስቱ አዞርነው። አንድ የባሕር ዳር ሆቴል አዘዘ፣ የጎንደርም ተከተለ። ዝናቡ ሳይገባ፣ በሩዝ ጭድ የተጠቀለለው ሸክላ መገንጠያው ላይ አይሱዙ ሙሉ ተጫነ። በገበያ ቀን ወይዘሮ እንጉዳይን «አንቺ» እያለ ዋጋ የሚያራክስባቸው ነጋዴ ቀረብ ብሎ «እሜቴ፣ ለእኔም ያስቀሩልኝ» አላቸው። አንቱ ሲላቸው የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

«እንደ ሰዉ ሁሉ በስልክህ እዘዛ!» አሉት። ጫኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው መኪናው ላይ ወጥተው ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ ዕቃቸውን ራሳቸው ሊያስረክቡ።

አሁን ጀማሪዎችን ሳሠለጥን የምላቸው አጭር ነው። ኮዱን ግዢው በሚያልቅበት ገጽ ላይ አድርጉት። ራሳችሁ አዛችሁ ሞክሩት። ገንዘባችሁን ገዢ ላመጣው ማስታወቂያ ስጡ።