ድንጋይ ያጠጣሁ ዕለት

ይህ የሆነው ጦርነቱ ወደ እኛ ወረዳ፣ ወደ ሀብሩ በዘለቀበት ዓመት፣ በጥቅምት ነው። ከልቤ የማይጠፋው፣ ሰው «ጃጀ» ሲለኝ እኔ ግን እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። አርባ ዓመት ድንጋይ ፈልጬ ኖሬያለሁ።

መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። መብራት ከሌለ ፓምፑ አይሠራም፤ ቦኖውም ደረቀ። ከግራና ከተማ በላይ ባለችው መንደራችን አንድ ምንጭ ነበረን። እሱንም በክረምቱ ከገደል የተናደ፣ ቤት የሚያክል ቋጥኝ ተቀምጦበታል። የወንዙን ውሃ የጠጡ ልጆች ተቅማጥ ጣላቸው። የጎረቤቴ የዘሀራ ልጅማ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት ነበር።

መሮዬን ይዤ ቋጥኙን ሦስት ቀን ታገልኩት። ጉልበት ከድቶኛል፤ አልሆነም።

ሞላ የሚባል የኤክስካቫተር ሹፌር፣ መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ጦርነቱ ዘግቶበት እኛው ዘንድ ቀርቷል። ያን ጊዜ መኪናም ማሽንም ለጦርነቱ ይወሰድ ስለነበር ኤክስካቫተሩን በማሽላ አገዳ ሸፍነን ደብቀንለታል። የማሽኑ ድምፅ ከተሰማ አለቀለት። ያም ሆኖ የዘሀራን ልጅ ሲያይ አላስቻለውም።

«አባባ፣ የቀረኝ ናፍጣ ግማሽ ሰዓት ቢያሠራ ነው። ልሞክረው» አለኝ።

አገዳውን ገፍፈን ማሽኑን አወጣነው። ክንዱ ላይ ሀመር የሚሉት ድንጋይ መስበሪያ ተገጥሞበታል። ሞላ የቋጥኙን መሀል አናቱን ይመታው ጀመር። ምድሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከድንጋዩ ግን የሚበነው ዱቄት ብቻ ነው። እጄን አወዛውዤ አስቆምኩት።

«ምነው አባባ?»

«አጥፋው! ናፍጣህን እየጨረስክ ዱቄት ትፈጫለህ። ድንጋይ ጅማት አለው።»

ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ ያስቀመጥኳትን አንድ ኮዳ ውሃ አምጥቼ ቋጥኙ ላይ አፈሰስኩ። ዘሀራ ጮኸች።

«ያ አላህ! ሰው ውሃ አጥቶ እኒህ ሽማግሌ ድንጋይ ያጠጣሉ! ጃጁ እኮ!»

እኔ ዓይኔን ድንጋዩ ላይ ተከልኩ። ፀሐዩ ድንጋዩን ያደርቀው ጀመር። ሌላው ሁሉ ሲነጣ ክር የምታህል አንዲት መስመር እርጥብ ሆና ቀረች። ስንጥቅ ውሃ ይዛ ትቆያለች፤ ጅማቱ እሷው ናት። በከሰል አሰመርኩባት።

«ጫፉን እዚህ አኑር። ወደ ገደሉ ከተከፈተው ጎን፣ ከዳር ጀምር። ድንጋይ መውደቂያ ሲያገኝ ነው የሚለቅ» አልኩት።

ሞላም የራሱን ሙያ አልተወም። «እሺ፣ ግን አንድ ቦታ ላይ አልቆይም፤ ብረቱ ግሎ ይሰበርብኛል» አለ። ትንሽ መታ፣ ስንዝር ፈቀቅ አለ፣ ደግሞ መታ። በአራተኛው ድምፁ ተለወጠ፤ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ጎርናና ሆነ።

«ሄደ!» አልኩ፣ ገና ሳይሄድ።

ቋጥኙ ለሁለት ተከፈለና ግማሹ ወደ ገደሉ ተንከባለለ። ከሥሩ መጀመሪያ ጭቃ፣ ቆይቶ ጥሩ ውሃ ወጣ። ዘሀራ ጀሪካኗን ሞልታ ወደ ልጇ ስትሮጥ፣ ዘወር ብላ «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አባባ!» አለችኝ። ማሽኑንም ሰው ሳይደርስበት መልሰን አለበስነው። ልጁም ድኖ በሳምንቱ ደጅ ወጣ።

ሞላ ዛሬ ሩቅ አገር ይሠራል። ጠንካራ ድንጋይ ሲገጥመው ይደውልልኛል።

«አባባ፣ ጅማቱ ወዴት ይሆን?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ድንጋዩ ያለው አንተ ፊት!»

ይስቃል። ከዚያ ቀለሙንም ድምፁንም አንድ በአንድ ያስረዳኛል፤ እኔም የመሰለኝን እነግረዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ እጄም አሁን መሮ አይጨብጥም። ሙያዬ ግን እኔ በማላውቀው አገር ድንጋይ ይከፍላል። አልሃምዱሊላህ።